ሦስት ሜትር ሩብ ሲቀረው

እናቴ ዓይኔን ማየት ያቆመችው አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የክፍልፋይ ፈተና የወደቅሁ ዕለት ነው። ልጅ ሆኜ እንደዚያ ነበር የማምነው።

ፈተናው ከሃያ ይታረማል፤ እኔ ያገኘሁት ሦስት ነው። የሂሳብ አስተማሪያችንን ተማሪው ሁሉ ከጀርባው “ጋሽ ገልብጥ” ይለው ነበር። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ስናካፍል “ሁለተኛውን ገልብጥ! ገልብጥና አባዛ!” እያለ ሰሌዳውን በጠመኔ ስለሚደበድበው ነው። እኔ ደግሞ ፈተናው ላይ የመጀመሪያውን ገለበጥኩ። መሀል ላይ ስጠራጠር ሁለቱንም መገልበጥ ጀመርኩ። ወረቀቴን ሲመልስልኝ ቀና ብሎ አየኝና፣

“አንቺ ልጅ፣ ያልገለበጥሽው ዴስኩን ብቻ ነው” አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ወደ ቤት ስሄድ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ እጄ ውስጥ ጨብጬው ነበር። ቤታችን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። በአንድ በኩል አልጋችን፣ በሌላው የእናቴ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ። ወለሉ ሁልጊዜ በቁርጥራጭ ጨርቅና በክር የተሸፈነ ነው። የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ እኔ መራመድ ሳልጀምር ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ቤት እንደመሠረተ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እናቴ ስለሱ አታወራም፤ እኔም አልጠይቃትም። ጓደኛ የሚባልም አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት መጥቼ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ቁርጥራጮቹን በቀለም በቀለማቸው እየለየሁ የመኪናውን ድምፅ አዳምጣለሁ።

ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ሥር አልገባሁም። ወረቀቱን ዘርግቼ ሰጠኋት።

ተቀበለችኝ። ወደ መስኮቱ ዞር አለችና ዶሮ መሬት ላይ ያለ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች። ጥቂት ቆየች። ከዚያ፣

“ጥሩ ነው፣ በርቺ” አለችና ወረቀቱን መቀሱ ሥር አስቀምጣ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

አንዳንድ እናት በቁጣ ትገርፋለች፣ አንዳንዷ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮሃለች። የኔ እናት ከሁለቱም የከፋውን የመረጠች መሰለኝ። ሦስት ከሃያ ላመጣች ልጅ ጥሩ ነው ማለት፣ ከዚህ በኋላ ካንቺ የምጠብቀው የለም ማለት አይደል? ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልብ ብዬ ሳያት ታወቀኝ። ስታናግረኝ ዓይኗ ዓይኔ ላይ አያርፍም። ጆሮዬን ታያለች፣ አለዚያም ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ። እራት ስንበላ ከኋላዬ ሰው የቆመ እየመሰለኝ ዞሬ የማይበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከማዶ በእግረኛ መንገዱ ስትመጣ አየኋትና እጄን አወዛወዝኩላት። ፊቷን ወደኔ እንዳደረገች ቀጥ ብላ አለፈችኝ። እጄን ወደ ኪሴ መለስኩና እዚያው የቆምኩበት ቀረሁ። እስክትርቅ ጠብቄ ከኋላ ከኋላዋ ወደ ቤት ሄድኩ።

ዛሬ ሳስበው፣ የዚያን ሰሞን መርፌ ውስጥ ክር እንዳስገባላት ደጋግማ ትጠራኝ ነበር። “ሚጣ፣ ነይማ፣ እጄን አልቦኛል” ትለኛለች። በቤት ስሜ ስትጠራኝ ደስ እያለኝ ሮጬ እሄዳለሁ፤ ክሩን አስገብቼ ስሰጣት ግን አመሰግናለሁ የምትለው ለግድግዳው ነው። እጇ ደረቅ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

እንግዲህ ጥፋቴ ክፍልፋይ ከሆነ መታረቂያውም ክፍልፋይ ነው አልኩ። ካወቅሁት ታየኛለች።

የሚያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ጋሽ ገልብጥን መጠየቅ ደግሞ ራሴን ለሳቅ ማቅረብ ነው። በተለይ ያስቸገረኝ ድብልቅ ቁጥር ነበር። ሁለት ከሦስት አራተኛን ከማባዛትሽ ወይም ከማካፈልሽ በፊት ወደ ህገ ወጥ ክፍልፋይ ለውጪው ይላል መጽሐፉ። ህገ ወጥ የሚባለው ላዕሉ ከታህቱ ሲበልጥ ነው፤ አስራ አንድ አራተኛ እንደማለት። እኔ ግን ህገ ወጥ የሚለውን ቃል የማውቀው መናኸሪያው በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ነበር፤ “ህገ ወጥ ንግድ በጥብቅ የተከለከለ ነው” ይላል። ደንበኛውን ቁጥር በገዛ እጄ ህገ ወጥ ማድረጉ ስለከበደኝ መጀመሪያ ላይ ሙሉውን ለብቻ፣ ክፍልፋዩን ለብቻ እያባዛሁ ስሳሳት ከረምኩ።

መውጫውን ያገኘሁት ጠረጴዛው ሥር ነው። ግማሽ ሜትር የምታህል ቀይ ጥብጣብ ወድቃ ነበር። እንዲሁ እጄን ላፍታታ ብዬ ሩብ ሜትር ሩብ ሜትር አድርጌ አጣጠፍኳት። ሁለት ሆነች። ግማሽ ሲካፈል ለሩብ፣ ሁለት። ወዲያው በጠመኔ ወለሉ ላይ ጻፍኩት፤ ሁለተኛውን ገለበጥኩ፣ አባዛሁ፣ አራት ሁለተኛ፤ ሁለት! ማካፈል ማለት ይሄ በዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ አለ ብሎ መጠየቅ ነው ለካ። የሚካፈልበት ባነሰ ቁጥር መልሱ ይበዛል። ማባዛትንም በጨርቅ አየሁት። የግማሽን ግማሽ ለማግኘት አንዴ ማጠፍ፣ ደግሞ ማጠፍ፤ ሩብ። አባዝተሽው ያነሰው ለዚህ ነው። ለማን ልንገረው ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ስል እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። አፍንጫዋ ጨርቁን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ተመልሼ ገባሁ።

ቁርጥራጩን ሁሉ ለካሁት። ያለ ማንም ጓደኛ የተጫወትኩት ረጅሙ ጨዋታ እሱ ነው። በሚቀጥለው ፈተና ሃያ ከሃያ አመጣሁ። ጋሽ ገልብጥ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቀልድ አጣ፤ “እሰይ” ብቻ አለኝ። እየሮጥኩ ነው ቤት የደረስኩት። ትንፋሼ ሳይመለስ ወረቀቱን እጇ ላይ አኖርኩላት።

ወደ መስኮቱ ዞር አለች። ራሷን ዘንበል አደረገች።

“ጥሩ ነው፣ በርቺ” አለች።

ያው ቃል፣ ያው ድምፅ። ወረቀቱም ያው መቀስ ሥር ገባ። የዚያን ቀን ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም። ውጭ ወጥቼ የበራችን ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ መብራት እስኪበራ ድረስ ወደ መናኸሪያው የሚገቡትን አውቶቡሶች ሳይ አመሸሁ። ሁሉም ከሆነ ቦታ ሰው ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም የሚቀበለው ሰው አለው።

ሲስተር ወደ ቤታችን የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ከታች ባለው ክሊኒክ ዋና ነርስ ናት፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስትቀመጥ ወንበራችን የሚያቃስትባት ሴት። ከእናቴ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላቸው። አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ በትከሻዋ ተሸክማ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገችው።

“ለነርሶቹ ጋውን ነው። ባለሱቁ ሃያ አምስት ሜትር ሩብ ሲቀረው ነው ብሎኛል። ስንት ይወጣዋል?”

“አንድ ጋውን ሦስት ሜትር ሩብ ሲቀረው ይበላል” አለች እናቴ። ጥቅሉን በእጇ ዳበስ አደረገችና፣ “ሚጣ፣ እስቲ አንቺ አስቢልን” አለች።

እናቴ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሁለቴ ሦስቴ ታጥፈውና ባይኗ ብቻ ለክታ ለደንበኞቿ ትነግራቸው ነበር። እኔ ግን ሌላ ፈተና እየፈተነችኝ መሰለኝ። ጠመኔ አንስቼ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጻፍኩ። ሃያ አራት ከሦስት አራተኛ፣ ማለት ዘጠና ዘጠኝ አራተኛ። ሁለት ከሦስት አራተኛ፣ ማለት አስራ አንድ አራተኛ። ሁለተኛውን ገልብጬ አባዛሁ። አራት ከአራት ጋር ተጣፋ። ዘጠና ዘጠኝ ለአስራ አንድ።

“ዘጠኝ” አልኩ።

“የሚተርፍ?” አለች እናቴ።

“ምንም የለም።”

“እስቲ አባዝተሽ መልሽልኝ።”

“ዘጠኝ ጊዜ ሁለት አስራ ስምንት። ዘጠኝ ጊዜ ሦስት አራተኛ ሃያ ሰባት አራተኛ፤ እሱ ስድስት ከሦስት አራተኛ ይሆናል። ሲደመር ሃያ አራት ከሦስት አራተኛ። ጥቅሉ አለቀ።”

እናቴ እፎይ አለች። ዓይኗን ጨፍና እፎይ ስትል ትዝ ይለኛል። ሲስተር ግን አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝና ዓይኔን ትክ ብላ እያየች፣ “አቤት ጭንቅላት! ይህቺን ልጅ ነው የምፈልገው እኔ!” አለች። ሰው ዓይኔን እንዲያ ካየኝ ስለቆየ ነው መሰለኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሲስተር ደነገጠች፤ እናቴ ግን ምንም አላለችኝም። ድምፅ ሳላሰማ ነበር ያለቀስኩት።

ለጋውኖቹ ቁልፍ እንድገዛ ወደ ሱቅ ተላክሁ። ስመለስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ሲወራ ሰማሁና ቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ካንዱ ቃል እስከ ሌላው ያለውን ይውጠዋል።

“…መሀሉ ሄዷል ነው የሚሉኝ” ትላለች እናቴ። “ዳር ዳሩ ይተርፋል፣ መሀሉ ግን…”

“…እኔ ጋ ትሁን። አልጋ አለ” ትላለች ሲስተር።

“…ታግዝሽ፤ እጇ ፈጣን ነው…”

“ንገሪያት እንጂ ታዲያ! እስከ መቼ…”

“ጋውኖቹን ልጨርስና እነግራታለሁ።”

መሀሉ ሄዷል የተባለው የሆነ የተበላሸ ጨርቅ መስሎኝ አለፍኩት። የቀረው ግን እንደ ቀን ግልጽ ሆነልኝ። ልትሰጠኝ ነው። ሲስተር “ይህቺን ልጅ ነው የምፈልገው” ያለችው ለዚህ ነው። ዘጠኙ ጋውኖች ሲያልቁ እኔም ተጠቅልዬ እሄዳለሁ። ቁልፎቹን ለእናቴ ሰጠኋትና አልጋው ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዝናቡ የዋጠው ቃል ሆስፒታል የሚለው እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

ጋውኖቹን አብረን ሠራን። ሜትሩን የማነበው እኔ፣ ጨርቁ ላይ በጠመኔ የማሰምረው እኔ፤ የምትቆርጠውና የምትሰፋው እሷ።

“ወፍራም አድርጊው” ትለኛለች።

“አድርጌዋለሁ።”

“ወፍራም! ግንብ ላይ እንደሚጻፍ።”

መስመሬን እንኳ አላመነችውም እያልኩ ጠመኔውን በጎኑ አጋድሜ አሰምራለሁ። እሷ በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች ከመስመሩ ጎን ለጎን መቀሷን ትነዳለች። ያለቀው ጋውን ግድግዳው ላይ ካሉት ምስማሮች ላይ ይሰቀላል። ግድግዳው ቀስ በቀስ ነጣ። እየተራመዱ የመጡ፣ ጭንቅላት የሌላቸው ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ እነሱን እያየሁ አሰላለሁ፦ ጥቅሉን ለግማሽ ሜትር ብናካፍለው ኖሮ አርባ ዘጠኝ ተኩል ጋውን ይወጣው ነበር። ለአንድ አራተኛ ብናካፍለው ዘጠና ዘጠኝ። ለአሻንጉሊት ነርሶች የሚሆኑ ትንንሽ ጋውኖች፤ ገና ሰፍተን ሰፍተን የማንጨርሳቸው። አነስ ባለ ቁጥር ማካፈል የሚያበዛውን ያኔ ከልቤ ወደድኩት። ግን ነርስ ሁሉ አዋቂ ነው፤ ለአዋቂ ሁለት ከሦስት አራተኛ ያስፈልጋል።

ዘጠነኛው ያለቀ ዕለት እናቴ መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችና፣ “ሚጣ፣ ነገ ሲስተር ትመጣለች። የምንነግርሽ ነገር አለ” አለችኝ። ከዚያ ራሴን አሞኛል ብላ ጋደም አለች።

ነገን አልጠበቅሁም። ውጭ ያካፋል፤ ሰማያዊው ሹራቤ ታጥቦ ገመድ ላይ ነው። በሩ አጠገብ ከተሰቀለበት ዘጠነኛውን ጋውን አወረድኩና ለበስኩት። እጀታውን ብጠቀልለውም እጄን ይውጠዋል፤ ጫፉ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይደርሳል። ፀጉሬን ዝናብ እንዳያገኘው ነጭ ፌስታል ጭንቅላቴ ላይ አጠለቅሁና ወጣሁ።

አባቴ ያለበት ከተማ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። የከተማውን ስም እንደማላውቀው ትዝ ያለኝ መናኸሪያው ውስጥ ገብቼ አግዳሚው ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። አንድ ረዳት በአውቶቡሱ በር ተንጠልጥሎ፣ “ዶክተርዬ! ወዴት ነን?” ብሎ ሳቀብኝ። ወዲያው ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ባጠገቤ ያልፋሉ። አንዲት እናት የልጇን አፍንጫ በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ አየሁ። ወደየት እንደምሄድ የጠየቀኝ ሌላ አልነበረም። ተነስቼ እንዳልመለስ ወደ ቤት የሚጠራኝ ያለ አልመሰለኝም፤ እንዳልሄድ የምሄድበት የለኝም።

ሊመሽ ሲል እናቴን አየኋት።

በዋናው በር ገባች። ነጠላ ጫማዋ ጭቃ ነክሷል፤ ራሷ ላይ ያሰረችው ሻሽ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። አንዱን ሰው ታስቆማለች፣ ትጠይቃለች፤ ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል፤ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። እየቀረበች ስትመጣ ከንፈሬን ነክሼ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አልሸሽም፤ ትያዘኝ አልኩ። እያንዳንዱን ሰው እያለፈች እኔ ፊት ደርሳ ቆመች። እጅ ብንዘረጋ እንነካካለን። ፊቷ ወደኔ ነው።

“ይቅርታ እህቴ፣ ላስቸግርዎት ነው” አለችኝ። “አንዲት ልጅ በዚህ ስታልፍ አላዩም?”

መጀመሪያ እየቀለደችብኝ መሰለኝ። አፍሬ ማቀርቀር ቃጣኝ።

“አስር ዓመቷ ነው” አለች። “ከሲታ ናት። ሰማያዊ ሹራብ ሳትለብስ አትቀርም። ዝምተኛ ናት፤ ቢጠሯትም ላትመልስ ትችላለች። ስትናደድ ከንፈሯን ትነክሳለች።”

የነከስኩትን ከንፈሬን ለቀቅሁት።

“እንዲያው ካዩዋት ቢነግሩኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ በሂሳብ የሚያህላት የለም። እኔ ነኝ ነገሩን ሳልነግራት ያቆየሁት።” ይህን ብላ ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አወቅሁት፤ ለማታውቃቸው ደንበኞች፣ በሩን ለሚሳሳቱ ሰዎች የምታሳየው ትሁት ፈገግታ ነው። ለኔ አሳይታኝ አታውቅም። እናቴ ስትቀልድም ሆነ ስትቆጣ እኔን አንቱ ልትል አትችልም። ይህቺ ሴት እያነጋገረች ያለችው የማታውቀውን ሰው ነው። ዓይኖቿ የተከፈቱ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ ጆሮዬ ላይ ናቸው፤ እኔ ግን የለሁባቸውም።

“እማዬ” አልኩ።

ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። እጇ ተዘረጋ፣ ትከሻዬን አገኘው፣ በእጀታው ወርዶ ስፌቱን ዳሰሰ።

“ይሄ የኛ ጋውን ነው” አለች።

“ዘጠነኛው ነው።”

አጠገቤ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ብዙ አውቶቡሶች ሞተራቸውን አስነስተው ስለነበር ለመደማመጥ አፋችንን ወደ ጆሮ ማስጠጋት ነበረብን።

“አታይኝም?” አልኳት።

“አይሻለሁ እንጂ። ዳር ዳርሽን። ፊትሽ ያለበት ቦታ ላይ ጉም አለ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ዓምና ትምህርት ሲዘጋ ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ መርፌዋ ጠፋችኝ። ከዚያ ፊደል። ከዚያ ሰው።”

“ፈተናዬንስ?”

“ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ቀይ ነገር ነበረበት?”

“ብዙ። ሦስት ነበር ያገኘሁት። ኋላ ደግሞ ሃያ።”

“ሦስት?” አለችና ባፍንጫዋ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት።

“ታዲያ ለምን ጥሩ ነው አልሽኝ?”

“ምን ልበልሽ? ወረቀት ይዘሽ እየሮጥሽ ስትመጪ ሌላ ምን ይባላል?”

ከዚያ ያስፈራኝን ጠየቅኋት። “ለሲስተር ልትሰጪኝ ነው?”

“ምን አልሽ?”

“ጋውኖቹ ሲያልቁ። ሰምቼሻለሁ።”

“ልጅ እንዴት ይሰጣል? ጨርቅ ነሽ እንዴ አንቺ?” ብላ ጭንቅላቴን ከነፌስታሉ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። “ትልቁ ሆስፒታል ሂጂ ብለውኛል። እስክመለስ እሷ ጋ ትሆኛለሽ። ይኸው ነው። አባትሽ ሲሄድ ሳይነግረን ስለሄደ፣ እኔ ስነግርሽ እንዴት እንደምጀምረው ጠፋኝ እንጂ።”

ሲስተር ቤት ሳለሁ ደህና ነበርኩ። እናቴ የሄደችው ዓይኗ ይመለሳል በሚል ተስፋ ነበር፤ የተመለሰችው ግን እንደሄደች ነው። መሀሉ አይመለስም አሏት። እኔና እሷ ከዚያ በኋላም ለዓመታት አብረን ሰፋን። እኔ እለካለሁ፣ አባዛለሁ፣ አካፍላለሁ፣ እቆርጣለሁ፤ እሷ ጠርዙን በጣቷ እያዳመጠች ትሰፋለች። ጎረቤቶች ሰፊዋና ሂሳብ ሠራተኛዋ ይሉን ነበር።

ግን ነገሩን ማወቄ ሁሉን አልፈወሰውም። አንድ ልጅ የሚያየው ሳይኖር ሲያድግ ብዙ ነገር ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚነገር ወሬ ይሆንበታል። ፀጉሬን አሳጥሬ ስመጣ አላየችም። ፊቴ ብጉር ሲያወጣ፣ ሲጠፋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሬን ቀብቼ በሯ ላይ ስቆም አላየችም። ብነግራት “እልል፣ አምሮብሻል” ትለኛለች፤ እኔም ከየት አውቃ ነው እላለሁ በሆዴ። እናቴ የምታውቀው ፊት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ነው። የአሁኑ ፊቴ ከእናቴ ጋር ተዋውቆ አያውቅም።

ዛሬ ሥራዬ ሌላ ከተማ ነው። አጋጣሚ ባገኘሁ ቁጥር እሄድላታለሁ። ባለፈው ስሄድ ከግቢው ዛፍ ሥር ወንበር አውጥተን ተቀምጠን ነበር። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን ከኔ በተሻለ ትይዘዋለች። ድንገት፣

“ሚጣ፣ አሁን ማንን መሰልሽ?” አለችኝ።

“አንቺን ይሉኛል።”

“እኔን?” ብላ ሳቀች። ሽንኩርቱን አስቀመጠች። “እኔ ራሴ ምን እንደምመስል መች አውቃለሁ? መስታወት ካየሁ ስንት ዘመኔ። አርጅቻለሁ አይደል?”

“ትንሽ።”

“እስቲ ንገሪኝ። አንድም ነገር እንዳታስቀሪ።”

ወንበሬን አስጠግቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ቅጠሉ መሀል የሚያልፈው ብርሃን ጉንጯ ላይ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አታየኝም ብዬ ስብሰለሰል፣ እኔም የእናቴን ፊት እንዲህ ቀርቤ፣ ሳልቸኩል አይቼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ከግራ ቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። መች እንዳገኘችው አላውቅም።

“ግንባርሽ ሰፊ ነው” አልኳት።

“እሱን አውቃለሁ” አለች። “ቀጥዪ።”